ወንድሙን ሊጠይቅ በሣር ማጨጃ የሄደው ሽማግሌ

ዛሬ የማካፍላችሁ ስለ አንድ ፊልም ነው። ፓስተር ስለ ፊልም ሲጽፍ ቅር የሚላችሁ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እኔ ጌታን ባገኘሁበት ዘመን ሲኒማ ቤት መግባትና መጠጥ ቤት መግባት እኩል ይቆጠሩ ነበር። ዛሬም ቢሆን በየስልካችን የሚገባውን ሁሉ እሰየው ብዬ የምቀበል ሰው አይደለሁም። ይህ አንድ ፊልም ግን በስህተት ቤቴ ገብቶ ብዙ ዓመት አብሮኝ ኖሯል። ስለ እሱ ዝም ካልኩ ምስክርነቴን የደበቅሁ ይመስለኛል።

በስህተት ስል እውነቴን ነው። ጊዜው 2000 ዓ.ም. ክረምት ነው። ያን ጊዜ በየሰፈሩ ዲቪዲ የሚያከራዩ ቪዲዮ ቤቶች ነበሩ። የ12 ዓመቱ ልጄ የመኪና እሽቅድምድም ፊልም ተከራይቼ መጣሁ አለ። ሽፋኑ ላይ ከኋላው እሳት የሚተፋ ቀይ መኪና ተሥሏል። ዲስኩን ስንከፍተው ግን አንድ ሽማግሌ ኩሽናው ወለል ላይ ወድቆ መነሣት አቅቶት በጀርባው ተንጋሎ አየን። ልጄ ጥቂት ታገሠና ተነጫንጮ ወጣ። እኔ ጥግ ይዤ የእሑድ ስብከቴን እያዘጋጀሁ ነበር። ቲቪውን ላጠፋ ተነሣሁና እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

የፊልሙ ስም «ዘ ስትሬት ስቶሪ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ሲሆን ዳይሬክተሩ ዴቪድ ሊንች ነው። ይህ ሰው በአብዛኛው የሚታወቀው ጨለማ በበዛባቸውና ለልጅ በማይታዩ ፊልሞች ነው። ይህን ግን ዋልት ዲዝኒ አሰራጭቶት ማንኛውም ሕፃን እንዲያየው የተፈቀደ ሆነ። ታሪኩ የእውነተኛ ሰው ነው። አልቪን ስትሬት የተባለ የ73 ዓመት ሽማግሌ እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ሎረንስ በምትባል ትንሽ ከተማ ሲኖር ወንድሙ ስትሮክ እንደመታው ሰማ። ዓይኑ ስለደከመ መንጃ ፈቃድ አልነበረውም። ያለው የሣር ማጨጃ መኪና ብቻ ነው፤ ያቺ ሰው ተቀምጦባት ግቢ ውስጥ ሣር የሚያጭድባት ማለት ነው። በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች። ከኋላዋ ተሳቢ አሰረባትና ወንድሙ ወዳለበት ወደ ዊስኮንሲን ጉዞ ጀመረ። 390 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ደሴ ከመሄድ ብዙም አያንስም። ስድስት ሳምንት ገደማ ፈጀበት። ወንድሙ የሚኖርባት ቦታ ስም ማውንት ዛየን ነው፤ የጽዮን ተራራ። ይህን እኔ ለስብከት እንዲያምር የጨመርኩት አይደለም፤ ስሟ በእውነት እንደዚያ ነው።

በፊልሙ ላይ ሁለቱ ወንድማማቾች 10 ዓመት ሳይነጋገሩ ቆይተዋል። በምን እንደተጣሉ በዝርዝር አይነገረንም። አልቪን መንገድ ላይ ለሚያገኘው አንድ ቄስ ነገሩ እንደ ቃየንና እንደ አቤል ያረጀ መሆኑን፣ ቁጣና ትዕቢት መጠጥ ተጨምሮበት እዚህ እንዳደረሳቸው ብቻ ይነግረዋል። ማን ጀመረው? ማን ምን አለ? ፊልሙ አይጠይቅም። እኔ በመጀመሪያው ቀን ይህን በጉጉት ስጠብቅ ነበር። በሽምግልና ብዙ የተቀመጥኩ ሰው ስለሆንኩ ጥፋተኛው ተለይቶ ካልታወቀ ነገሩ ያለቀ አይመስለኝም።

ዋናውን ሰው ሆኖ የተጫወተው ሪቻርድ ፋርንስወርዝ ነው። ለአሥርተ ዓመታት በካውቦይ ፊልሞች ውስጥ ከፈረስ የሚወድቀው፣ ስሙ የማይጠራው ሰው ሆኖ የኖረ ተዋናይ ነው። ይህን ሲሠራ ካንሰር አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ነበር። በሁለት ከዘራ እየተደገፈ ሲራመድ የምናየው ሕመም እውነተኛ ነው። በ79 ዓመቱ ለኦስካር ታጭቶበታል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። በዚያች ሌሊት ያየሁት ግን አንድ የደከመ ሽማግሌ ከማጨጃዋ ላይ በስንት መከራ ሲወርድ ነው፤ ያዕቆብም እያነከሰ ወንድሙን ሊገናኝ የሄደበት ምዕራፍ ትዝ አለኝ።

ከሁሉ የያዘኝ አንድ ትዕይንት አለ። ማጨጃዋ ተበላሽታ አንድ መንደር ውስጥ እስክትጠገን ሲጠብቅ ሌላ ሽማግሌ ቡና ቤት ይጋብዘዋል። አልቪን ወተት ያዝዛል። ከጦርነት ሲመለስ መጠጥ እንደያዘውና አንድ ሰባኪ ከዚያ እንዲላቀቅ እንደረዳው ይናገራል። ሁለቱም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘምተዋል። ጋባዡ የራሱን ይነግረውና ያለቅሳል። ከዚያ አልቪን ለማንም ያልተናገረውን ያወጣዋል። በጨለማ ውስጥ ጠላት ነው ብሎ ተኩሶ የገደለው የራሳቸውን ቃኚ፣ ጓደኛውን፣ ነበር። ሁሉም ሰው የጠላት ጥይት ነው የገደለው ብሎ አመነ፤ እሱም ዝም አለ። 50 ዓመት ሙሉ። እኛ የንስሐ ጥሪ አቅርበን፣ መዝሙር አስከትለን፣ ሰው ከመቀመጫው እንዲነሣ ብዙ እንደክማለን። እዚህ ሁለት ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱ የሌላውን ፊት እንኳ ሳያይ፣ እውነቱ ወጣ።

እኔም የደበቅሁት ነገር ነበረኝና ያች ሌሊት ከበደችኝ።

እናታችን ያረፈችው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ ደሴ። ሁለት ዓመት ታማለች። ያስታመማት ታላቅ ወንድሜ ነው። እኔ አዲስ አበባ የነገረ መለኮት ኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ። ጋሼ በደብዳቤም በስልክም ና ሲለኝ ፈተና አለብኝ፣ አገልግሎት አለብኝ፣ ጊዜዬ የጌታ ነው እል ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ነው የሄድኩት። ለቀብሯ ደረስኩ። ለአርባ ቀኗ ተዝካር ደግሞ ሄድኩና፣ ካህናቱና ዘመድ ሁሉ በተቀመጡበት ብድግ ብዬ ይህ ድግስ ለሞተ ሰው ምንም እንደማይጠቅም፣ እኔም ከዚህ ማዕድ እንደማልበላ ተናገርኩ። ጋሼ ምንም አልመለሰልኝም፤ በሩን ከፍቶ ውጣ አለኝ። 9 ዓመት ሳንነጋገር ቆየን።

ይህን ታሪክ እኔ ምስክርነት አድርጌ በየመድረኩ ተናግሬዋለሁ። ስለ ወንጌል ከቤተሰቤ የተባረርኩበት ቀን እያልኩ። ሕዝቡ እልል ይልልኝ ነበር። ስለ ሁለቱ ዓመት ግን አንድም ቀን አልተናገርኩም።

ስለ ሙታን የማምነው ያኔም ዛሬም ያው ነው፤ አልቀየርኩትም። ነገር ግን ትክክለኛ ትምህርት መደበቂያ ሊሆን እንደሚችል ያን ሌሊት ገባኝ። ማርቆስ ምዕራፍ 7 ላይ ጌታ የሚወቅሳቸው ሰዎች አሉ፤ ለወላጆቻቸው ሊያደርጉት የሚገባውን ቁርባን ነው፣ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው ብለው የሚያስቀሩት። ይህን ክፍል ኮሌጅ ውስጥ ጽፌበት ጥሩ ውጤት አግኝቻለሁ። ጊዜዬ የጌታ ነው ያልኩት ቃልም ያው ቁርባን መሆኑን ለማየት ግን አንድ በስህተት የተከራየ ዲስክ አስፈለገኝ።

በማግስቱ ያዘጋጀሁትን ስብከት ትቼ ማቴዎስ 5፥23-24ን ከፈትኩ። ሁላችንም በቃል እናውቀዋለን፤ መባህን ስታቀርብ ወንድምህ የተቀየመብህ ነገር ትዝ ካለህ መጀመሪያ ሄደህ ታረቅ የሚለውን። ልብ ያላልኩት ነገር ይህ ነው፦ ጌታ ይህን የተናገረው በገሊላ ነው። መሠዊያው ያለው ግን ኢየሩሳሌም ብቻ ነው። በእግር ሦስት ወይም አራት ቀን ነው። እንግዲህ ሰሚው ገሊላዊ መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አገሩ ድረስ ተመልሶ፣ ታርቆ፣ እንደገና ኢየሩሳሌም ሊወጣ ነው። ሳምንት ይፈጃል! እኛ ግን ከጌታ እራት በፊት ግራ ቀኝ ዞረን ለጎረቤታችን ይቅር በለኝ ብለን ጥቅሱን የፈጸምነው ይመስለናል። አሁን ደግሞ በቴሌግራም «በማወቅም ባለማወቅም ያስቀየምኳችሁ» የሚል መልእክት ለ200 ሰው በአንድ ጊዜ መላክ መጥቷል። እኔ ይህን ይቅርታ ብዬ ለመጥራት ይከብደኛል። በአገራችን በዳይ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ተበዳዩ ፊት ይቀርብ ነበር። አባቶቻችን ይቅርታ ክብደት እንዳለውና አካል ይዞ መሄድ እንዳለበት ያውቁ ነበር።

አልቪንን መንገድ ላይ ያገኘው አንድ ደግ ሰው በመኪናዬ ላድርስህ ብሎት ነበር። እምቢ አለ፤ በጀመርኩት መንገድ ልጨርሰው አለ። ከፊሉ እልህ ነው፤ ሽማግሌው ግትር ነው። የቀረው ግን እልህ አይመስለኝም። በመኪና ቢሄድ ትዕቢቱንም ይዞት ይደርስ ነበር።

ይህን የምለው በራሴ ስላየሁት ነው። በ2001 መስከረም ሳልደውል ተነሣሁ። ከአውቶቡስ ተራ ገና ሳይነጋ ወጣን። እንደ ሰባኪ ልማዴ የይቅርታ ንግግሬን በሦስት ነጥብ አዘጋጅቻለሁ። አንደኛው ነጥብ በተዝካሩ ቀን የተናገርኩት ለምን እንደሆነ የሚያስረዳ ነበር። ጣርማ በርን አልፈን ደብረ ሲና ስንወርድ አፈርኩበትና ተውኩት። ሁለተኛው እሱም በዘመድ ፊት ማስወጣቱ ልክ እንዳልነበረ በለሰለሰ ቃል የሚያነሣ ነው፤ ይኸኛው እስከ ሸዋሮቢት ድረስ ተከራከረኝ። ሦስተኛው ስለ ክርስቶስ ፍቅር ጥሩ አድርጌ የጻፍኩት ነው፤ እሱንም ከሚሴ ላይ ለጋሼ የጻፍኩት ሳይሆን ለራሴ የጻፍኩት መሆኑ ታየኝ። ኮምቦልቻ ስንደርስ በእጄ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እናታችን ታማ አልመጣሁም።

በር የከፈተው እሱ ራሱ ነው። ፀጉሩ ሸብቷል። ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል በትከሻዬ ያዘኝና «ምሳ በልተሃል?» አለኝ። አልበላሁም አልኩት። ረቡዕ ስለነበር ሽሮ ቀረበ። ያ እምቢ ያልኩበት ማዕድ ነው፤ ሰሃኑ እንኳ የእናታችን ነበር። በላሁ። ከኮምቦልቻ ይዤው የመጣሁትን ቃል የተናገርኩት እጃችንን ከታጠብን በኋላ ነው። ጋሼ ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ «ትጠራህ ነበር» አለ። ከዚህ የበለጠ አልወቀሰኝም።

ይህን ምስክርነት ስናገር ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም፤ ታዲያ ወንድምህ ጌታን ተቀበለ? ጋሼ ዛሬም በቤተ ክርስቲያኑ አለ። እጸልይለታለሁ፤ እሱም ለእኔ ይጸልይልኛል፤ ሁለታችንም ለምን እንደምንጸልይ እንተዋወቃለን። ዕርቁን ግን የወንጌል ማጥመጃ አድርጌ አልሄድኩም፤ ሄጄ ቢሆን ኖሮ የሚያውቀኝ ይመስለኛል።

ፊልሙን በየዓመቱ አየዋለሁ። ዲስኩ ተቧጭሮ አልሠራ ሲል ያ ተነጫንጮ የወጣው ልጄ ፍላሽ ላይ ጫነልኝ። አንድ ጊዜ ለሽማግሌዎቻችን ባሳይ ሁለቱ አንቀላፉ፤ እውነት ነው፣ ፊልሙ እንደ ማጨጃዋ ይንቀራፈፋል። ወንድሙ ቤት ሊደርስ ሲል አልቪን አንዲት ቢራ የሚያዝዝበት ቦታም አለ፤ በእኔ እጅ ቢሆን ያንን እቆርጠው ነበር። እንከን የለውም አልላችሁም።

ባለፈው ዓመት ጋሼ ለሕክምና አዲስ አበባ መጥቶ እኛ ቤት ሰነበተ። አንድ ማታ ከፈትኩለት። እንግሊዝኛው ሲያስቸግረው ጎኑ ተቀምጬ እየተረጎምኩለት እስከ መጨረሻው አየን። ወንድሙ በመደገፊያው እየተንቀጠቀጠ ወጣና በዚያች ማጨጃ ይህን ሁሉ መንገድ መጣህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ከዚያ ሁለቱ ቀና ብለው ከዋክብቱን አዩ። አለቀ። ጋሼ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገና «ወንድምየውስ?» አለኝ። «ምኑ?» አልኩት። «ሳይታመም በፊት፣ ያን ሁሉ ዓመት፣ እሱ እግር አልነበረውም?»

መልስ አልሰጠሁትም። እሱም አልጠበቀም። ባለቤቴ ቡና አፍልታ ነበርና አቦሉን ይዛ ገባች።