እጅ የእግርን ሥራ ሲረከብ

አንባቢዎቼ ሆይ፤ በጎጃም ገጠር የኖረ ሰው ሁለት ነገሮችን ያውቃል፤ አንደኛው ቃሬዛ ነው፤ ሁለተኛው በቅሎ ነው። ሁለቱም መራመድ ያቃተውን ሰው ካሰበበት ያደርሱታል። ይሁን እንጂ በቃሬዛ የተኛና በበቅሎ የተቀመጠ ሰው አንድ አይደሉም። በቃሬዛ ለሚሄደው፣ መቼ እንደሚነሣና በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚወስኑለት ተሸካሚዎቹ ናቸው። በበቅሎ የሚሄደው ግን ልጓሙ በእጁ ነው፤ ሲፈልግ ይቆማል፤ ሲያሻው ይመለሳል፤ መንገድ ላይ ያገኘውም ሰው፣ የዚህ ሰው እግር የሰለለ መሆኑን ሳያውቅ እጅ ነሥቶ ያልፋል። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለዚሁ ልጓም ነው።

ዛሬ በሽንዲ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ከተሞች የበቅሎውን ሥራ ባጃጁና አውቶሞቢሉ ወስደውታል። ፈጣን ናቸው፤ እንደ በቅሎም ገፈራ አይጠይቁም። ነገር ግን አንድ ጉድለት አመጡ። በቅሎን በእጅ መምራት ይቻል ነበር፤ መኪናው ግን ፍሬኑንና ነዳጅ መስጫውን ከእግር ሥር አስቀመጠ። ስለዚህ እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ከጋላቢነት ወደ ተሳፋሪነት ወረደ።

ነገሩ እንዲገባን አንድ ሰው በሐሳባችን እንሣል። ሽንዲ ላይ ትንሽ ሱቅ አለው እንበል። እግሮቹን በልጅነቱ ልምሻ ሰልቦታል። ዕቃ ለማምጣት ቡሬ መሄድ አለበት። ለመሄድ ግን በመጀመሪያ የሚያነሣው ወንድም፣ ቀጥሎ ተሽከርካሪ ወንበሩን አብሮ ለመጫን እሺ የሚል ባለ ባጃጅ፣ ቡሬም ሲደርስ የሚያወርደው ሰው ያስፈልገዋል። ኪራዩን የሚከፍለው ለራሱ ብቻ አይደለም፤ ለረዳቱም ጭምር ነው። ወንድሙም በዚያ ቀን ከእርሻው ይቀራል።

አገራችን ደግ ነው፤ ሰው አይነፍገውም። ሐኪም ዘንድ ልሂድ ቢል ጎረቤቱ ሁሉ ይሸከመዋል። ነገር ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ለሕክምና የሚሸከሙት ብዙዎች ቢሆኑ ለጨዋታ የሚሸከመው ማነው? ጓደኛውን ሊጠይቅ፣ ለቅሶ ሊደርስ፣ ወይም እንዲሁ ንፋስ ሊቀበል ቢያምረውስ? ለእንዲህ ያለው ነገር ሰው ማስቸገሩን ያፍርና ከቤቱ ይቀራል። የአካል ጉዳት ትልቁ ዕዳ ይኸው ነው፤ የተከለከለው መንገድ ሳይሆን፣ ሳይጠየቅ የቀረው መንገድ ነው።

መድኃኒቱ የእግርን ሥራ ለእጅ ማስረከብ ነው። በአውቶሞቢል ላይ ይህ እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ ልንገራችሁ። በመጀመሪያ ማርሹን ራሱ የሚለውጥ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና ይመረጣል፤ በዚህ ጊዜ ፍሪሲዮን የሚባለው ነገር ይቀራል። ከመሪው በታች አንድ ዘንግ ይተከላል። ዘንጉ ወደ ፊት ሲገፋ ፍሬን ይይዛል፤ ወደ ነጂው ሲሳብ ወይም እንደ ሞተር ሳይክል እጀታ ሲጠመዘዝ ነዳጅ ይሰጣል። አንድ እጅ በዘንጉ ላይ ስለሚውል፣ ሌላው እጅ መሪውን ብቻውን ማዞር እንዲችል በመሪው ላይ ድቡልቡል መያዣ ይታሰራል። ቀኝ እግሩን ብቻ ላጣ ሰው ደግሞ ነዳጅ መስጫውን ወደ ግራ ማዛወር ይበቃል። መኪናው ያው መኪና ነው፤ የተለወጠው ትእዛዙ የሚተላለፍበት መንገድ ብቻ ነው።

ይህም ዛሬ የተጀመረ ብልኃት አይደለም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1921 በልምሻ ታመው እግሮቻቸው ሰለሉ። እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1945 በግብጽ ታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ፣ በጦር መርከብ ውስጥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የተቀበሉት ናቸው። ሾፌርና ጠባቂ አላጡም። ይሁን እንጂ በ1936 የተሠራ ፎርድ አውቶሞቢላቸውን በእጅ ብቻ እንዲነዳ አሠርተው፣ በመኖሪያቸው በሃይድ ፓርክ ዙሪያ ራሳቸው ይነዱ ነበር። የሚያሽከረክርለት ሰው ሞልቶ ሳለ ራሱ መሪ የሚጨብጥ ሰው፣ የሚፈልገው መድረስን ብቻ አለመሆኑ ግልጽ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም መንግሥታት ነገሩን ተረዱት። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1946 ባወጣው ሕግ፣ እግራቸውን በጦርነት ላጡ ወታደሮች ለመኪና መግዣ እስከ 1,600 ዶላር ፈቀደ። በእንግሊዝ አገር ከ1948 ጀምሮ ኢንቫካር የተባለች ባለ ሦስት እግር መኪና ተሠራች፤ መንግሥትም ለአካል ጉዳተኞች ያድል ነበር። ነገር ግን የምትይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። አባት ልጁን፣ ሚስት ባሏን አብራ ማሳፈር አትችልም ነበር። ደኅንነቷም አጠራጣሪ ሆኖ በ2003 ከመንገድ ታገደች። ከዚህ የምንማረው፣ ለአካል ጉዳተኛ የሚሠራ ነገር ሰውን ከሰው የሚለይ መሆን እንደሌለበት ነው።

ከራሳችንም ሰው አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ፣ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ዳግመኛ ማራቶንን ያሸነፈውን ሻምበል አበበ ቢቂላን የማያውቅ የለም። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ግን በገዛ ቮልስዋገኑ ሲጓዝ አደጋ ደረሰበትና መራመድ ተሳነው። ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ተላከ። በዚያም ሉድቪግ ጉትማን የተባሉት ሐኪም፣ አከርካሪው የተጎዳን ሰው አስተኝቶ ማስታመም ብቻ ሳይሆን ወደ ስፖርትና ወደ ሥራ መመለስ እንደሚገባ ያስተምሩ ነበር። ሻምበል አበበም ቀስት አነሣ፤ በኋላም ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ጋሪ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አሸነፈ። መኪና እግሩን ወሰደችበት፤ ተወዳዳሪነቱን ግን አልወሰደችበትም፤ እጆቹ ተረከቡት።

አሁን ወደ ሽንዲ እንመለስ። እንዲህ ያለው አውቶሞቢል ለሽንዲው ባለ ሱቅ ሩቅ ነው ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን በየቀኑ በደጃፉ የሚያልፈውን ባጃጅ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ነዳጁ የሚሰጠው በቀኝ እጅ ነው። ፍሪሲዮኑና ማርሹ በግራ እጅ ነው። መሪውም እንደ ሞተር ሳይክል በሁለት እጅ የሚያዝ ነው። ለእግር የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም የቀኝ እግር ፍሬን። እንግዲህ ግራ እግሩን ብቻ ያጣ ሰው የአካሉ ሚዛን ከተስተካከለና ሐኪም ከፈቀደለት፣ ባጃጁ አንድም ብሎን ሳይነካ ሊነዳው ይችላል። ቀኝ እግሩን ላጣ ሰው ፍሬኑን ወደ ግራ ማዛወር ነው። ሁለቱም እግሮቹ ለማይታዘዙለት ደግሞ ፍሬኑን ወደ ቀኝ እጅ ማምጣት ነው። በተሳፋሪነትና በነጂነት መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ፍሬን ናት!

ይህቺ ፍሬን ግን በዋዛ የምትያዝ አይደለችም። በያጅ ዘንድ ሄዶ ብረት አስቀጥሎ፣ ወይም በገመድ አስሮ መንዳት ራስንም ተሳፋሪንም መግደል ነው። እጅ እንደ እግር ኃይል የለውም፤ ስለዚህ የእጅ ማዘዣው ጉልበትን እንዲያበዛ ሆኖ፣ ሥራውን በሚያውቅ መካኒክ መሠራት አለበት። ለማቆሚያ የተሠራው የእጅ ፍሬንም የሚሄደውን ባጃጅ ለማስቆም አይታመንም። የተሠራውን ነገር ባዶ ሜዳ ላይ፣ ያለ ተሳፋሪ፣ ቁልቁለትና ጭቃ ላይም ጭምር ደጋግሞ መፈተን ይገባል።

ሁለተኛው ምክሬ ስለ ፈቃድ ነው። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ፣ ለእንዲህ ያለው ጉዳት የትኛው መንጃ ፈቃድ እንደሚሰጥ፣ የተለወጠውም ተሽከርካሪ እንዴት እንደሚመረመር ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ሦስተኛው ስለ ገላ ነው። እግሩ የማይሰማው ሰው በጋለ ብረት ሲቃጠል አያውቅም፤ ከመንዳቱ በፊት እግሩን ከሞተርና ከጭስ ማውጫ ማራቅ፣ እንዳይወራጭም ደኅና አድርጎ ማስቀመጥ አለበት። በአንድ ቦታ ረዥም ጊዜ መቀመጥም የመቀመጫ ቁስል ያመጣል፤ ስለዚህ መኪናውን አቁሞ በየሩብ ሰዓቱ በክንድ ተደግፎ መቀመጫን ብድግ ማድረግ ትልቅ መድኃኒት ነው።

ረዳትም ፈጽሞ የለም ማለት አይደለም። ባሕር ዳር፣ ከቡሬ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሰው ሠራሽ እግርና ድጋፍ የሚሠራ የአካል ተሐድሶ ማእከል አለ። ሰው ከመንዳቱ በፊት ከወንበሩ ወደ ነጂው ቦታ ራሱን ማሻገር መቻል አለበትና፣ ትምህርቱ የሚጀመረው ከዚህ ዓይነቱ ቦታ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41፣ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ተሐድሶና እርዳታ እንዲሰጥ ያዛል። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በአንቀጽ 20፣ ሰው በወደደው መንገድና በወደደው ጊዜ፣ አቅሙ በሚችለው ዋጋ እንዲንቀሳቀስ ማመቻቸት የመንግሥታት ግዴታ ነው ይላል። በወደደው ጊዜ! ቃሬዛ ይህን ማድረግ አይችልም።

በእርግጥ ሕግ ብቻውን መንገድ አይሆንም። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ግን መንገድ ብዙ ጊዜ ተዘግቷል፤ እጅ እግራቸውን ያጡትም ቁጥራቸው ጨምሯል። ሰላም ሲሰፍን ለእነዚህ ሰዎች ክራንችና ምጽዋት ብቻ አዘጋጅተን እንዳንጠብቃቸው አደራ እላለሁ።

የቀረው የዘመድና የጎረቤት ፋንታ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እድሩ ለለቅሶ፣ እቁቡ ለንግድ የሚያዋጣውን ያህል፣ አንድ ባጃጅ ለማስተካከል ቢያዋጣ አዋጭዎቹ ራሳቸው ተሳፋሪዎቹ ይሆናሉ። እናትና አባትም ልጃቸው እጁን ለመዘርጋት ሲሞክር «ተው ትወድቃለህ» እያሉ እጁን አይያዙ፤ ሴት ልጅም ከሆነች «ለእርሷ መንዳት ምን ያደርግላታል» አይበሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጋት ለእርሷ ነው፤ ማን እንደሚያነሣት መምረጥ የማትችል እርሷ ናትና።

ስለዚህ አንባቢዎቼ፤ በሰፈራችሁ መራመድ የማይችል ሰው ቢኖር፣ ሊሸከሙት የሚችሉትን ጎልማሶች ከመቁጠራችሁ በፊት፣ አጠገቡ ተቀምጣችሁ «እጆችህ ምን ያህል ብርቱ ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁት። ምናልባት ነገ ዝናብ ሲመታችሁ፣ ከቡሬ ወደ ሽንዲ አሳፍሮ የሚያደርሳችሁ እርሱ ይሆናል፤ ሒሳቡንም ሳትከራከሩ ክፈሉት።