ጤናችን፦ አንጓ ሲያም

ዶሮ ማነቂያ የኖሩ አንዲት እናት አሉ። እማማ እንላቸዋለን። 30 ዓመት እንጀራ ጋግረው ለፒያሳ ምግብ ቤቶች ሸጠዋል። ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚሁ ሥራ ነው። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ወደ ከተማው ዳር ተዛወሩ። ፒያሳን ግን አልተዉም። ጊዮርጊስን ሊሳለሙ ይመጣሉ።

እኔም ያገኘኋቸው እዚያው ከቅጥሩ በር ላይ ነው። እጃቸውን አልሰጡኝም። ክንዳቸውን ነው የዘረጉልኝ።

«እማማ፣ ምነው?» አልኳቸው።

«ተወኝ ልጄ። አንጓዬን ብርድ ገብቶበታል። ጧት ጧት እጄ የኔ አይደለም። ቡናው በረካ እስኪደርስ አይፈታልኝም። ፊደል መቁጠሩንም ተውኩት። እርሳሱ ከእጄ ይወድቃል። አርጅቻለሁ፣ አእምሮዬ አይቀበልም ብዬ ቀረሁ» አሉኝ።

የእማማ አእምሮ ምንም አልሆነም። የታመመው አንጓቸው ነው።

አንጓ እጅ ከክንድ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። በውስጡ 8 ትንንሽ አጥንቶች አሉ። በጅማት ተያይዘዋል። ሊጥ ስናቦካ፣ ልብስ ስንጨምቅ፣ ጀበና ስናነሣ ሸክሙ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ብርድ ሕመሙን ሊያብሰው ይችላል። በሽታውን ያመጣው ግን ብርድ አይደለም።

የአንጓ ሕመም ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ ከዕድሜ፣ ከሥራ ብዛት ወይም ከድሮ ስብራት የሚመጣ ነው። ሲሠሩ ያማል፤ ሲያርፉ ይሻላል። ጧት ቢተሳሰርም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይፈታል። ሌላው ሐኪሞች ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚሉት ነው። የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያ ያጠቃል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እጅ ይይዛል። ያብጣል፤ ይሞቃል። ጧት አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ እጅ ተሳስሮ ይቆያል። ሰውነትን ያደክማል። ከወንድ ይልቅ ሴትን ያጠቃል። በጊዜ ካልታከመ አጥንት ይበላል። የተበላው አጥንት ደግሞ አይመለስም።

እማማ እስካሁን ምን አደረጉ? ወጌሻ ዘንድ ሄደው ታሹ። ያበጠና የሚሞቅ መገጣጠሚያ ሲታሽ ይብሳል። የእሳቸውም ባሰ። ቀጥሎ ሰው የነገራቸውን ክኒን ገዙ። ፕሬድኒሶሎን ነው። በሁለት ቀን እብጠቱ ጎደለ። ክኒኑ ሲያልቅ ተመለሰ። እንደገና ገዙ። ይህ ክኒን ሐኪም በልክ ሲያዘው ጠቃሚ ነው። በዘፈቀደ ሲወሰድ ግን የደም ግፊትና ስኳር ይጨምራል፤ አጥንት ያሳሳል፤ የተኛ ነቀርሳ ሊቀሰቅስ ይችላል። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቆመውም አደጋ አለው። ስለዚህ «ዛሬውኑ ይተዉት» አላልኳቸውም። «ክኒኑን ይያዙና ለሐኪም ያሳዩት» አልኳቸው። ዲክሎፌናክም ሲበዛ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል።

አሁን ወደ መደገፊያው እንምጣ።

የአንጓ መደገፊያ በመድኃኒት ቤትና በሕክምና ዕቃ መሸጫ ይገኛል። አንዱ ዓይነት ላስቲክ ብቻ ነው። ያሞቃል እንጂ ብዙ አይደግፍም። ሌላው በመዳፍ በኩል ጠፍጣፋ ብረት አለው። ለሚያብጥ አንጓ የሚሻለው ይኸኛው ነው። ሳይገዙ በፊት እጅዎ ላይ ይለኩት። አንጓው ቀጥ ብሎ ወይም ጥቂት ወደ ላይ ቀና ብሎ መቀመጥ አለበት። ጣቶች ያለ ችግር መታጠፍ አለባቸው። ጣት ከደነዘዘ ወይም መልኩ ከተለወጠ በጣም ጠብቋል ማለት ነው።

መግዣ ካጣንስ? እቤት ይሠራል። የእማማን ከአሮጌ ጀሪካን ነው የቆረጥነው። ርዝመቱ ከመዳፍ መካከል ጀምሮ የክንድን አጋማሽ አለፍ ይላል። ጠርዙን በድንጋይ ሞረድነው። በጥጥና በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለልነው። አንድ ልብስ ሰፊ ማሰሪያ ሰፋበት፤ ገንዘብም አልተቀበለን።

መደገፊያው ሥራ ሲሠሩና ሌሊት ሲተኙ ይደረጋል። ሁልጊዜ አስሮ መዋል ግን ጡንቻን ያሰንፋል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ያውልቁት። እጅዎን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክረው አንጓውን ቀስ ብለው ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱት። እብጠቱ የሚያቃጥል ከሆነ ግን ቀዝቃዛ ጨርቅ ይሻላል።

ሥራውም ይቀየር። ጀበናና ድስት በሁለት እጅ ይነሣ። እንጀራው በሰፌድ ተንሸራቶ ይውጣ። ቡና መውቀጥ ለልጆች ይተው። ልብስ ሲታጠብ ሳይጨመቅ ተሰቅሎ ይንጠፍጠፍ፤ ቢዘገይም ይደርቃል። የቢላዋና የማማሰያ እጀታ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይወፍር። ለታመመ እጅ ከቀጭን እጀታ ይልቅ ወፍራሙ ይቀለዋል።

መደገፊያ ያሳርፋል እንጂ በሽታውን አያቆምም። ኦገስት ሬኖዋር የሚባል ፈረንሳዊ ሠዓሊ ነበር። በ50 ዓመቱ ገደማ ይኸው በሽታ ያዘው። ጣቶቹ ተጣመሙ። እጁን በጨርቅ እያስጠቀለለ በ1912 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ሥዕል ሣለ። በእሱ ዘመን በሽታውን የሚገታ መድኃኒት አልነበረም። ዛሬ አለ።

መንገዱ በጤና ጣቢያ ይጀምራል። የጤና መድን ያለውም ሰው በዚሁ በኩል ነው የሚያልፈው። ከዚያ የሪፈር ወረቀት ይሰጣል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከፒያሳ ሩቅ አይደለም። ከማዘጋጃ ቤቱ ቁልቁል በቸርችል ጎዳና መውረድ ነው። ወረፋው ረጅም ነው። ቢሆንም ወረፋ ጠልተው አይመለሱ። አንድ አንጓ በድንገት ቀልቶ ካበጠና ትኩሳት ካለ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ የዚያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል። አንድ አንጓ ብቻ ቀስ እያለ ለሳምንታት ሲያብጥም ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል ይመርመር።

ሐኪሙ ሜቶትሬክሴት የሚባል ክኒን ሊያዝ ይችላል። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በስሕተት በየቀኑ ቢወሰድ ሊገድል ይችላል። እርጉዝ ሴት አትወስደውም። በየጊዜው የደም ምርመራ ይፈልጋል። መድኃኒት ሰጪው በማሸጊያው ላይ ሲጽፍ «በሳምንት» የሚለውን ቃል ይፈልጉ። አምስት ፊደል ነው። ካላገኙት «ጻፉልኝ» ብለው ይጠይቁ።

እማማ የሪፈር ወረቀታቸውን ይዘው ቀጠሮ እየጠበቁ ነው። እርሳሳቸው ላይ የስፖንጅ ቁራጭ ጠቀለልንላቸው። ባለፈው እሑድ ስማቸውን ጽፈው አሳዩኝ። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው። ከመስመርም ይወጣሉ።

«በቀጠሮው ቀን ስሜን እኔው ነኝ የምጽፈው» አሉኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ጉልበት ሕመም እንጽፋለን።