ያልጻፈችው መጽሐፍ፦ ስለ «ድፍረት» ፊልምና ስለ ባለታሪኳ

አንድ የፊልም አዘጋጅ የታወቀ ልቦለድ ወይም ተውኔት ወደ ፊልም ሊለውጥ ሲነሣ አስቀድሞ የደራሲውን ደጅ ይጠናል። ደራሲው ሊፈቅድ፣ ሊከለክል፣ በዋጋም ሊደራደር ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ይህን ሥልጣን ሰጥቶታል፤ ከሞተ በኋላም መብቱ ለወራሾቹ 50 ዓመት ይቆያል። ለመሆኑ ታሪኩን ያልጻፈው፣ ነገር ግን የኖረው ሰውስ? የእርሱን ደጅ የሚጠናው ማነው?

ይህን ጥያቄ የሚያስነሣብኝ የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ «ድፍረት» ነው። ደጋማው አርሲ በዓለም የፊልም አዳራሾች የታወቀው በልቦለድ አይደለም፤ በሰዎቹ ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «ኢንዱራንስ» የኃይሌ ገብረ ሥላሴን የአሰላ ልጅነትና የአትላንታ ድል ሲተርክ ኃይሌ ራሱን ሆኖ ተጫውቷል፤ ከዘመዶቹም የተሳተፉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታየው «ታውን ኦፍ ራነርስ» ደግሞ የበቆጂን ሯጭ ልጆችና አሠልጣኛቸውን ስንታየሁ እሸቱን ተከትሎ የተቀረጸ ነው። በሁለቱም የታሪኩ ባለቤት ከካሜራው ፊት ቆሟል። በ«ድፍረት» ግን አልቆመም።

ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ተደፈረች። ልታመልጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለችው፤ በነፍስ ግድያም ተከሰሰች። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ገና የጸና ነበርና፣ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከክስ የሚድንበት በር ክፍት በሆነበት አገር ነው ልጅቱ ፍርድ ቤት የቆመችው። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆመላት፤ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ተብሎም በነፃ ተሰናበተች። ያ በር የተዘጋው ከዓመታት በኋላ በ1996 ዓ.ም. በታወጀው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው። ስሟን እዚህ አልጽፍም። ከታተመ ቆይቷል፤ ሆኖም መጠራቱን የመወሰኑ ፈንታ የእርሷ ነው ብዬ አምናለሁ።

ፊልሙ በ2006 ዓ.ም. ጥር በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ፤ በበርሊንም እንዲሁ። አንጀሊና ጆሊ ስሟን አውሳዋለች። ሜሮን ጌትነት ጠበቃዋን፣ ትዝታ ሐገሬ ልጅቱን ሆነው ተጫውተዋል፤ ትዝታ በዝምታዋ የምትናገረው ብዙዎች በንግግር ከሚሉት ይበልጣል። ርእሱ ራሱ ሁለት ስለት አለው፤ ጀግንነትንም መደፈርንም በአንድ ቃል ይጠራል። ፊልሙ መልካም ፊልም ነው። ይህን የምለው ቀጥሎ የምለው በምቀኝነት እንዳይተረጎምብኝ ነው።

ጠበቃዋ በፊልሙ ውስጥ በእውነተኛ ስሟ መዓዛ አሸናፊ ተብላ ትጠራለች፤ ልጅቱ ግን ሂሩት ተብላለች። የተማረችው፣ ማኅበር ያቋቋመችው፣ ኋላም ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የነበረችው ሴት ስሟን ይዛ ስትቀርብ፣ የገበሬዋ ልጅ ስም ተቀየረ። ለጥንቃቄ ነው ቢባል ይገባኛል። ነገር ግን በ2006 ዓ.ም. ማብቂያ አዲስ አበባ ውስጥ ፊልሙ ሊመረቅ አዳራሽ ሞልቶ ሳለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለጊዜው ሲታገድ፣ የባለታሪኳ አቤቱታ ያለፈቃዴ ተሠራ የሚል ነበር። ስሟን የቀየሩላት አልጠየቁኝም የምትለውን ሴት ነው!

ፊልም በፖሊስ ሲቋረጥ አልወድም። በዚህች አገር ከመድረክ የወረዱ ተውኔቶችንና ከገበያ የተለቀሙ መጻሕፍትን የሚያስታውስ ሁሉ እገዳን በጥርጣሬ ያያል። አዘጋጆቹ የሕግ ግዴታቸውን አሟልተው እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ለመፍረድም አልቃጣም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል፤ በአንቀጽ 28 ደግሞ የሕዝብ ጉዳይ ለሆነ ነገር በሩን መልሶ ይከፍታል። በሌላ ተዋናይት ፊት የተሣለ ሕይወት «ምስል» ነውን? ጠበቆች ይከራከሩበት። ታሪኩ ቀደም ሲል በእንግሊዝ ዘጋቢ ፊልም ታይቶ የአደባባይ ሆኗል የሚልም አለ። ልክ ነው፣ ታይቷል። በዚያኛው ግን የተናገረችው ራሷ ነበረች። አንድ ጊዜ የመሰከረ ሰው ለዘላለም ፈቅዷል ማለት ነውን?

ባለቤቱን አለመጠየቅ ኪሳራው የክብር ብቻ አይደለም፤ ሥራውንም ያጎድለዋል። የአርሲ ገጠር አብላጫው ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ሆኖ ሳለ የሽማግሌዎቹ ሸንጎ በአማርኛ ይሟገታል። ባህሉ ከዛፍ ጥላ ሥር በተቀመጡ ወንዶች ብቻ ተወክሏል። አርሲዎች ግን ሲንቄ አላቸው፤ ሴት ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው በትር ነው፤ አንዷ ስትበደል ሴቶች በትራቸውን ይዘው ከቤት ይወጣሉ፣ በዳዩም ካሣ ሳይከፍል አይመለሱም። እርግጥ ነው፣ ሲንቄ ያገባች ሴት መከታ እንደመሆኑ ላልተዳረች ተማሪ ምን ያህል ይደርስላት እንደነበር አጠያያቂ ነው። ይኸው ጥያቄ ግን ፊልሙን ያጠልቀው ነበር። ተመልካቹ አዳኙ ሁልጊዜ ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጣ እንዳይመስለው ያደርግ ነበር።

ነገ ሌላ አዘጋጅ ወደ ጭላሎ ግርጌ ሌላ ታሪክ ፍለጋ መሄዱ አይቀርም፤ ይሂድ። ከደራሲ ጋር የሚፈራረመውን ያህል ውል ከባለታሪኳ ጋርም ይፈራረም፤ ውሉ በምትናገረው ቋንቋ ተጽፎ ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ይነበብላት፤ የገቢው ድርሻዋና ስሟ እንዴት እንደሚጠራ ይገለጽበት፤ ፊልሙንም ከሰንዳንስ ታዳሚ አስቀድማ ትየው። አልፈቅድም ካለች ደግሞ፣ ገና ፊልም ያልሆኑ የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ ልቦለዶች በየመደርደሪያው ሞልተዋል፤ ደራሲዎቻቸውም እንዲጠየቁ ሕግ ያስገድዳል።