ያልሰማ ምን ያሰማል?

በደጋው አገራችን የስልክ ሽቦ ከመዘርጋቱ በፊት ሰው ከጋራ ወደ ጋራ ይጠራራ ነበር። የጠሪው ድምፅ ማዶ የማይደርስ ሲሆን በመካከል ካለው ኮረብታ የቆመ ሌላ ሰው መልእክቱን ተቀብሎ ያሻግረዋል። ይህ መካከለኛ ሰው ሁለት ነገሮች ሊሟሉለት ይገባል። አንደኛ፣ ከወዲህ የተባለውን አጥርቶ መስማት፤ ሁለተኛ፣ የራሱን ድምፅ ወዲያ ማድረስ። መስማቱ ከጎደለ ድምፁ ነጎድጓድ ቢሆንም ለማንም አይጠቅምም። ዛሬ በየኤሌክትሮኒክስ መደብሩ «ሪፒተር» እየተባለ የሚሸጠውና የቤት ውስጥ ዋይፋይን ያዳርሳል የሚባለው ትንሽ መሣሪያም ሥራው ከዚህ ሰው ሥራ የተለየ አይደለም።

ስለዚህ መሣሪያ እንድንጽፍ ያነሣሣን በገዛ ቤታችን የሠራነው ስሕተት ነው። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃችን የምታጠናው ጸጥታ ፈልጋ ከዋናው ቤት በስተጀርባ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ነው። ራውተሩ ያለው ደግሞ ሳሎን ነው። በመካከላቸው ሁለት የብሎኬት ግድግዳ፣ አንድ የብረት በርና የቆርቆሮ ክዳን አለ። ልጅቱ የትምህርት ቪዲዮ ለመክፈት በየምሽቱ ስልኳን ይዛ ወደ ግቢው መሐል ስትወጣ ብናይ ሪፒተር ገዛን፤ «መድኃኒት የሚቀመጠው ከታመመው ዘንድ ነው» ብለንም እዚያችው ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ሰካነው። በስልኳ ላይ የምልክቱ መስመሮች በሙሉ በሩ፤ ቪዲዮው ግን አልተከፈተም። እኛም፣ ስለ ኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ በውጭ አገር ዓመታት አጥንተን የተመለስነው ሰዎች፣ «ዕቃው አስመስሎ የተሠራ ነው» ብለን ለነጋዴው ልንመልስ ተነሣን። ያቆመን የልጅቱ ጥያቄ ነበር፦ «አባዬ፣ እሱ ራሱ ግን ከሳሎን ይሰማል?»

አልሰማም ነበር። በስልኳ ላይ የታዩት መስመሮች በእርሷና በሪፒተሩ መካከል ያለውን ርቀት እንጂ በሪፒተሩና በራውተሩ መካከል ያለውን አይናገሩም። ከጆሮዋ ሥር የሚጮኽ፣ ግን ራሱ የማይሰማ ሰው አቁመንላት ኖሯል።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ራውተሩ የሚያሰራጨው ሞገድ ከብርሃን ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። በብዙ ቤቶች በሚሠራበት መስመር በሴኮንድ 2.4 ቢሊዮን ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የሞገዱም ርዝመት 12.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሚሰራጨው ኃይል ብዙውን ጊዜ የአንድ ዋት አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ይህ ጥቂት ኃይል በባዶ ስፍራ እንኳ ከርቀቱ ካሬ ጋር በተገላቢጦሽ ይቀንሳል፤ በ2 ሜትር ላይ የነበረው በ20 ሜትር ላይ ወደ አንድ መቶኛው ይወርዳል። ከዚያ ላይ ግድግዳው አለ። ደረቅ እንጨትና ተራ መስታወት ብዙ አያስቀሩበትም፤ ብሎኬትና ኮንክሪት ግን ያዳክሙታል፤ ውሃ ያዘለ ነገር ይመጠዋል፤ ብረት ደግሞ ወደ መጣበት ይመልሰዋል።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ሃይንሪክ ኸርዝ እ.ኤ.አ. በ1888 በካርልስሩኸ ከተማ፣ በጀርመን አገር፣ በአንድ የመማሪያ አዳራሽ ውስጥ አሳይቶናል። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ የዚንክ ሉሕ አቁሞ ሞገዱን ወደ እርሱ ላከ፤ ሄዶ የመጣው ሞገድ ከሚሄደው ጋር ሲገናኝ አንዳንዱ ስፍራ እንደሚጠነክር፣ አንዳንዱም እንደሚጠፋ አየ፤ በዚህም የሞገዱን ርዝመት ለካ። የቤታችን ክዳን ቆርቆሮም የተለበጠው በዚያው በዚንክ ነው። ስልክዎን ይዘው አንድ ሁለት ጣት ፈቀቅ ሲሉ ምልክቱ ሲለወጥ የሚያዩት የኸርዝን ሙከራ ነው።

እንግዲህ ሪፒተሩ የት ይሰካ? ምልክቱ ከጠፋበት ስፍራ ሳይሆን፣ ገና በደኅና ከሚገኝበት የመጨረሻው ስፍራ። ይህንንም በግምት ሳይሆን በልኬት ማወቅ ይቻላል። ምልክቱን በዴሲቤል የሚያሳዩ ነጻ ፕሮግራሞች በስልክ ላይ ይጫናሉ። ቁጥሩ በአንድ ሚሊ ዋት መነሻነት የሚለካ ስለሆነ በኔጌቲቭ ይነበባል፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ምልክቱ ይጠነክራል፤ አሥር ዴሲቤል ማለትም አሥር እጥፍ ማለት ነው። በእኛ ቤት ሰርቪሷ ውስጥ ከራውተሩ የሚደርሰው -84 ሲሆን በወጥ ቤቱ የኋላ መስኮት ዘንድ -62 ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ 22 ብቻ ይምሰል እንጂ ኃይሉ ከመቶ ሃምሳ እጥፍ በላይ ነው። መሣሪያውን ወደ መስኮቱ አዛወርነው፤ ቪዲዮው ተከፈተ።

ይሁን እንጂ መካከለኛው ሰው ዋጋ ያስከፍላል። አንድ አፍና አንድ ጆሮ ብቻ ያለው በመሆኑ በሚናገርበት ጊዜ አይሰማም፤ እያንዳንዱ መልእክትም በአንድ መስመር ላይ ሁለት ጊዜ ይነገራል። ስለዚህ በአንድ መስመር ብቻ የሚሠራ ሪፒተር ፍጥነቱን ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል። በአንዱ መስመር ሰምቶ በሌላው የሚናገር ባለ ሁለት መስመር መሣሪያ ይህን ያቃልላል። ከሁሉም የሚሻለው ግን የኔትወርክ ገመድ ነው፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ ይዘረጋል፤ በጫፉም አንድ አሮጌ ራውተር እንደ ማሰራጫ ሊያገለግል ይችላል።

«ይህ ሁሉ ከሚሆን ኃይለኛ ራውተር አይገዛምን?» የሚሉ አሉ። የዋይፋይ ግንኙነት ግን የአዋጅ ነጋሪ ሥራ ሳይሆን ጭውውት ነው። ስልኩም መመለስ አለበት፤ የስልኩ ድምፅ ደግሞ ትንሽ ነው። ራውተሩ ቢጮኽ ስልኩ ይሰማዋል፤ ራውተሩ ግን የስልኩን መልስ ላይሰማ ይችላል። ከመግዛት በፊት ራውተሩን ከጥግ አንሥቶ ወደ ቤቱ መካከል፣ ከፍ ካለ ስፍራ፣ ከብረት ቁም ሣጥንና ከማቀዝቀዣ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ምንም ወጪ የለበትም። ይህን ሳይሞክሩ ወደ ገበያ መሮጥ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ለእኛ ግን ትልቁ ቁም ነገር ዋይፋዩ አይደለም። ያን ምሽት ያፈርነው የተገላቢጦሽ ካሬን ሕግ ሳናውቀው ቀርተን አልነበረም፤ በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንጽፈዋለን፤ ተማሪዎቻችንም በፈተና ላይ አሳምረው ይመልሱታል። ያፈርነው ያ ሕግ ከሰሌዳው ወርዶ ወደ ቤታችን እንዲገባ ባለመፍቀዳችን ነው። መምህሩ እንዲህ ከሆነ ተማሪው እንዴት ይሆናል? «የቤተ ሙከራ ዕቃ የለንም» የሚለው አቤቱታችን እውነትነት አለው፤ ነገር ግን በብዙ ተማሪ ኪስ ውስጥ የሞገድ መለኪያ ተቀምጦ ሳለ አለመጠቀማችን በዚያ አቤቱታ አይሸፈንም።

ስለሆነም ለፊዚክስ መምህራን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ተማሪው የቤቱን ወይም የመኝታ ሕንጻውን ንድፍ ይሣል፤ በየክፍሉ ምልክቱን ይለካ፤ ርቀቱንና በመካከል ያለውን ግድግዳ ይመዝግብ፤ ሕጉ የሚለውንና የለካውን ያስተያይ። ስልክ የሌለው ካለው ጋር ይሥራ። ቁጥሮቹ ከሕጉ አይገጥሙም፤ የትምህርቱም መጀመሪያ እዚያ ላይ ነው፤ ለምን አልገጠሙም?

ልጃችን ይህን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት አንብባ፣ «እኔን ከማስተማርህ በፊት እኔ ነኝ ያስተማርኩህ» ብላናለች። እውነት ነው። መምህርም በመላኪያውና በተቀባዩ መካከል የቆመ ሰው ነው፤ ከመናገሩ በፊት ራሱ መስማቱን ይጠይቅ።