የቱሪዝም ጥናት ከማን ይጀምር?

በማጂ አካባቢ በምትገኘው በቱም የሚያድር እንግዳ ማን ነው? ስለ ቱሪዝምና ስለ መስተንግዶ ጥናት ሲነሣ በብዙዎቻችን ፊት ድቅን የሚለው ካሜራ ያንጠለጠለ የባሕር ማዶ ሰው ነው። ነገር ግን በእንዲህ ያለች ትንሽ ከተማ የአልቤርጎውን በር የሚያንኳኳው ብዙውን ጊዜ ሾፌሩ፣ ነጋዴው፣ ለሥራ የተላከው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ንጹሕ አንሶላና ትኩስ ምግብ ለእርሱም ያስፈልገዋል። የመስተንግዶ አስተዳደር ጥናት ይህን እንግዳ ዘልሎ ከሄደ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ መነሻውን ስቷል።

እንዲህ ሲባል ግን የውጭ አገር ጎብኚ አይጠና ማለት አይደለም። ከማጂ ደጋ ወደ ምሥራቅ ሲወረድ የኦሞ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ በምዕራብ በኩል ደግሞ ጎብኚዎች አጥብቀው የሚሹት የሱሪዎች አገር ይገኛል። የኔዘርላንዱ ተወላጅ ጆን አቢንክ ሱሪዎችና ቱሪስቶች ሲገናኙ የሚሆነውን አጥንቶ በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጽፏል። እንግሊዛዊው ዴቪድ ተርተንም ከኦሞ ማዶ ስለሚኖሩት ሙርሲዎችና ፎቶግራፍ ሊያነሷቸው ስለሚመጡት ሰዎች በ2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጥናት አውጥቷል። የሁለቱ ሥራ ብልጫው ምንድን ነው? የጎብኚውን እርካታ በመጠይቅ ከመለካት ይልቅ፣ የሚጎበኘው ሰው ስለዚህ ግንኙነት ምን ይላል ብለው መጠየቃቸው ነው። ያገኙትም ቅሬታ የሞላበት መልስ ነበር።

«ፎቶግራፍ ለተነሣው ገንዘብ ከተከፈለው ምን ጎደለው?» የሚሉ አይጠፉም። በእኛ አገር እንግዳ የሚባለው ሰላምታ ሰጥቶ የሚገባ፣ ተቀመጥ ሲባል የሚቀመጥ፣ ቡና የሚቀርብለት ነው። ከመኪና ወርዶ በከንፈር ላይ ያለውን ሸክላ ብቻ አንሥቶ የሚመለስ ሰው፣ ኪሱ ቢሞላም፣ እንግዳ ለመባል ይቸግራል፤ ፊቱን የሸጠውም አስተናጋጅ አይደለም። ክፍያው አለ፤ የታጣው መስተንግዶው ነው። (ሸክላው ባይኖርስ ኖሮ ያን ያህል መንገድ የሚጓዝ ስንቱ ነበር?)

ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶች የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ የታተሙትም በውጭ አገር መጽሔቶች ነው። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ከተቋቋመ ወዲህ ግን ለአካባቢው ቅርብ የሆነ የምርምር ተቋም አለ። በዚያ ጥናት የሚሠራ ወጣት ለመምህሩ ከሚያስረክበው ጽሑፍ ሌላ፣ ፍሬ ነገሩን በአማርኛ ጽፎ ለቱም አልቤርጎ ባለቤቶች ቢያደርስ፣ ለዲዚዎችና ለሱሪዎችም በየቋንቋቸው ቢያስነግር ይገባዋል። ለፎቶግራፍ የሚከፈለው ገንዘብ ለማን ይደርሳል? አስጎብኚውስ ከመንደር ሲገባ ማንን ያስፈቅዳል? የቱም ሰው ከአጥኚው የሚጠብቀው የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ ነው።