መቁጠርን የሚያስተምር መምህር፦ ከሞጣና ከቢቸና የሚነሣ ሐሳብ

ባለፈው ዓመት በአንድ የፖለቲካ ሳይንስ ትምህርት ክፍል ለጀማሪ መምህርነት ተወዳድሬ ነበር። ማስታወቂያው መጠናዊ የምርምር ዘዴን ማስተማር የሚችል ሰው እንደሚፈለግ ይገልጻል። በቃለ መጠይቁ ስለ ዘዴው የቀረበልኝ ጥያቄ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ «ኤስፒኤስኤስ ትችላለህ?» የሚል። «አዎን» አልሁ፤ በዚያው አበቃ። ቦታው ለሌላ ተሰጠ፤ ቅሬታዬ ግን በዚህ አይደለም። ያሳሰበኝ፣ የመቁጠርን ጥበብ የሚያስተምር መምህር የኮምፒዩተር ማዘዣ ከሚነካ ሰው ተለይቶ አለመታየቱ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ፣ የመጠናዊ ዘዴ መምህርነት ራሱን የቻለ የሙያ መስክ ሊሆን እንደሚገባ፣ ትምህርቱም ከሀገር ውስጥ ጥያቄ ሊነሣ እንደሚገባ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ምሳሌዬን ከተወለድሁበት አካባቢ አመጣለሁ። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 ዐሥራትን ሽሮ በእርሻ ገቢ ላይ ግብር ጣለ። ግብሩን ለመወሰን የእያንዳንዱ ገበሬ ገቢ መገመት ነበረበት። የጎጃም ገበሬ ግምቱን የመሬት ልኬት መቅድም፣ ልኬቱንም የርስቱ መጥፊያ አድርጎ ተመለከተው። ዐመፁ በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት አውራጃዎች በረታ፤ በሌሎቹ የጠቅላይ ግዛቱ አውራጃዎች ግን ያን ያህል አልተቀጣጠለም። መንግሥት ጦር ቢያዘምትም፣ በመጨረሻ አገረ ገዢውን ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴን ከማንሣትና ግብሩን ከማላላት ሌላ መንገድ አላገኘም። ገብሩ ታረቀ በ1991 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፋቸው ይህን ዐመፅ ከትግራይና ከባሌ ዐመፆች ጋር አነጻጽረው አጥንተውታል።

ከዚህ ታሪክ አንድ ሙሉ የዘዴ ትምህርት ይወጣል። አንደኛ፣ ተማሪው ሞጣንና ቢቸናን ብቻ አጥንቶ «የግብር ጫና ዐመፅን ይወልዳል» ቢል ድምዳሜው አይጸናም፤ አዋጁ ላላመፁትም አውራጃዎች የወጣ ነውና። ልዩነቱን ለማስረዳት ጸጥ ብለው የቆዩትንም መቁጠር ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ መለኪያችን አውራጃ ከሆነ በጎጃም የሚገኙት ጉዳዮች ሰባት ብቻ ናቸው፤ በሰባት ጉዳይ ላይ አምስት ተለዋዋጮችን የሚጭን ሪግሬሽን ቁጥር ቢያወጣም ዕውቀት አያወጣም። ሦስተኛ፣ ያመፁት አውራጃዎች ርስት የጸናባቸው ናቸው ብንል እንኳ፣ በአውራጃው ውስጥ ጠመንጃ ያነሣው ባለርስቱ ይሁን ሌላው ከዚህ ቁጥር አይታወቅም። ዊልያም ሮቢንሰን በ1950 እ.ኤ.አ. ይህን ስሕተት በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ አሳይቷል። የውጭ ተወላጆች የበዙባቸው ግዛቶች መሃይምነት ያነሰባቸው ሆነው ሳለ፣ በግለሰብ ደረጃ ግን ከሀገሬው ይልቅ መሃይም የሚበዛው በውጭ ተወላጆቹ ዘንድ ነበር። የቡድንን ጠባይ ለግለሰብ መስጠት ያሳስታል።

የቅርብ ዘመን ፖለቲካችንም እንዲሁ ያስተምራል። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከ547 የምክር ቤት መቀመጫዎች 545ቱን፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሁሉንም ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱ። ውጤቱን በመቀመጫ የሚለካ ተመራማሪ፣ የሚያስረዳው ልዩነት የሌለበት ጥገኛ ተለዋዋጭ ይዞ ይቀራል። የማይለዋወጥን ነገር በሌላ ነገር መለዋወጥ ማስረዳት አይቻልም። ስለዚህ ጥያቄውን መለወጥ፣ ወይም ከመቀመጫ በታች ወዳለው መረጃ መውረድ ግድ ይላል። ይህን የሚያስተውለው መምህሩ ነው፤ ሶፍትዌሩ አይነግረንም።

በዚህ ላይ የናሙና ችግር አለ። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ናሙና የሚወጣበት መዝገብ ባረጀ ቁጥር የናሙናው ታማኝነት ይቀንሳል። አፍሮባሮሜትር በ2005 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የአስተያየት ጥናት ሲያደርግ 2,400 ያህል ሰዎችን ጠይቋል። ይህ ስለ ሀገር ለመናገር ይበቃል፤ ስለ ሞጣ ወይም ስለ ቢቸና ለመናገር ግን አይበቃም። ሆኖም እንዲህ ያለውን ሀገራዊ መቶኛ ወስደን የአንድ ወረዳ መግለጫ የምናደርግ የመመረቂያ ጽሑፍ አቅራቢዎች ጥቂት አይደለንም።

«የእኛ ፖለቲካ በቁጥር አይያዝም፤ ሰውም ለጠያቂ እውነቱን አይናገርም» የሚል መቃወሚያ ይነሣል። ከፊሉ እውነት ነው። የ1960ው ገበሬ የፈራው ራሱ መለካትን ነበር፤ ለካፊው ማን እንደሆነና ለምን እንደሚለካ ያውቅ ነበርና። ዛሬም መጠይቅ ይዞ በር የሚያንኳኳ ወጣት ከግብር ሰብሳቢ ወይም ከቀበሌ ሹም ሊለይ የሚችለው በምንድን ነው? ነገር ግን ይህ ዘዴውን ለመተው ምክንያት አይሆንም። ማን ይጠይቅ፣ እንዴት ይጠይቅ፣ ዝምታ እንዴት ይቆጠር የሚለው ራሱ የዘዴው እምብርት ነው። ቁጥርን የምንተው ከሆነም፣ ስለ ብዙኃኑ የሚነገረውን ሁሉ ያለ ማጣሪያ ለመቀበል መስማማታችን ነው።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍሎች ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። ቦታው በስሙ ይታወጅ፤ ተወዳዳሪውም በሶፍትዌር ስም ሳይሆን አንድን የሀገር ውስጥ ጥያቄ ወደ ሚለካ ጥያቄ በመለወጥ ችሎታው ይመዘን። ለተቀጠረው ጀማሪ መምህር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የማስተማሪያ ሰዓቱ ይቀነስለት፤ ትርፍ ኮርሶች የሚጣሉበት ሰው መረጃ ለማሰባሰብ ጊዜ አያገኝምና። በመጨረሻም ኮርሱ በየዓመቱ ለሚቀጥሉት ተማሪዎች የሚተርፍ አንድ የመረጃ መዝገብ ያፍራ፤ የአንድ ወረዳ የምርጫ ጣቢያዎች ወይም የአንድ አውራጃ የግብር ታሪክ ቢሆን ይበቃል።

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን መንገድ በተጓዝሁ ቁጥር፣ አያቶቻችን ስለ መለካት ከመንግሥት ጋር የተዋጉበት ምድር መሆኑን አስባለሁ። የእነርሱ ጥያቄ «ማን ይለካናል?» የሚል ነበር። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለዚህ ጥያቄ ብቁ መልስ የሚሰጥ መምህር ካላዘጋጁ፣ የሚለኩን ሌሎች፣ የሚለኩንም ለራሳቸው ጉዳይ እንደሚሆን የታወቀ ነው።