እርግብ ዶሮ አይደለችም

ስልካችሁን ስትከፍቱ «በጠባብ ግቢ እርግብ አርቡ፣ ሥጋዋን ሽጡ» የሚል ቪዲዮ ገጥሟችሁ ይሆናል። ሥራ የሚፈልግ የወልቂጤ ወይም የቡታጅራ ወጣት ይህን አይቶ ቢጓጓ አይፈረድበትም። የበሬ ሥጋ እንደሆነ ከብዙ ሰው ኪስ በላይ ሆኗል። ግን ለቤቷ ቆርቆሮና እንጨት ከመግዛታችሁ በፊት ሒሳቡን እንሥራ።

ነገሩ ፈጠራ አይደለም። ግብፅ ውስጥ ገበሬው ለእርግብ የጭቃ ማማ ይሠራል፤ ሆዷ ውስጥ ሩዝ ወይም ስንዴ ተሞልቶ ስትቀርብም የእንግዳ ምግብ ናት። የምትበላው ግን ጣሪያ ላይ የምናያት አይደለችም። አራት ሳምንት ገደማ የሆናት፣ ገና መብረር ያልጀመረች ጫጩት ናት። ሥጋዋ የሚለሰልሰውም ለዚህ ነው።

ችግሩ እዚህ ጋ ይጀምራል። የዶሮ ጫጩት በተፈለፈለች በማግስቱ ራሷ ትለቅማለች፤ ስለዚህ ማሽን በመቶዎች ይፈለፍላል። የእርግብ ጫጩት ግን ዓይኗ እንደተጨፈነ ነው የምትወጣው። እናትና አባቷ ከጉሮሯቸው ወተት መሰል ምግብ እያወጡ ያሳድጓታል፤ ይህን ማሽን በቀላሉ አይተካውም። ጥንዶቹ በአንዴ የሚኖራቸው ሁለት እንቁላል ነው፤ ተፈራርቀው 18 ቀን ገደማ ይታቀፋሉ። በዓመት ደርዘን ያህል ጫጩት ካሳደጉ ጥሩ ነው። እንግዲህ በወር 100 ጫጩት ለመሸጥ 100 ጥንድ ዓመቱን ሙሉ እህል መቀለብ ሊኖርባችሁ ነው።

ገዢውስ የታለ? ክትፎና ቆጮ በሚወደድበት አገር እርግብ ለብዙ ክርስቲያን የመንፈስ ቅዱስ ምሳሌ ናት፤ ኦሪት ንጹሕ ብትላትም ወደ ሳህኗ እጁን የሚሰድ ጥቂት ነው። በእስልምናም ሥጋዋ ሐላል ነው፤ ሐላል መሆን ብቻውን ግን ገበያ አይሆንም። ከመንገድ አጥምዶ መሸጥማ ጭራሽ አይታሰብም፦ የከተማ እርግብ በሽታ ትይዛለች፣ ፈንግልንም ወደ ዶሮ ልታዛምት ትችላለች።

ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው። አስቀድሞ «በዚህ ዋጋ እወስዳለሁ» ያለ ሆቴል ካገኛችሁ፣ በአምስት ስድስት ጥንድ ሞክሩት። ካላገኛችሁ ያችኑ ጠባብ ግቢ ለእንቁላል ጣይ ዶሮ ስጧት። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋትም ዶሮና እንቁላልን ከትኩረቶቹ አንዱ አድርጓል። ከሁሉም በላይ ደግሞ እንቁላል የሚገዛው ሰው ጎረቤታችሁ ነው፤ የእርግብን ገዢ ግን ገና ልትፈልጉት ነው።